ባትማንን በጆሮ

 

ዛሬ አብረን የምናዳምጠው ከካርቱን ፊልም የወጣ ሙዚቃ ነው። ርእሱን አይታችሁ “ለልጆች ነው መሰለኝ” ያላችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ቤት ውስጥ ካርቱን ሲከፈት አብዛኞቻችን ወደ ሥራችን እንሄዳለን፤ ልጆቹ ጸጥ ማለታቸው ይበቃናል። ሙዚቃው ከሳሎን እስከ ማድ ቤት ድረስ ይመጣል፣ እኛ ግን ልብ አንለውም። እኔ ልሟገትለት የመጣሁት ነገር ይህ ነው፦ እዚያ ሳሎን ውስጥ አንዳንዴ ትልቅ ሙያ የፈሰሰበት፣ ሥዕሉ ቢነሣለት እንኳ ለብቻው ተቀምጠው የሚያዳምጡት ሙዚቃ አለ። ምስክሬም አንድ ነው። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካው ፎክስ ቴሌቪዥን ለታየው የባትማን ተከታታይ የአኒሜሽን ፊልም የተደረሰው የኦርኬስትራ ሙዚቃ፣ በተለይም ላ-ላ ላንድ ሬከርድስ የተባለው አሳታሚ በ2008 በሁለት ሲዲ ያወጣው አልበም ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ብሩስ ዌይን የሀብታም ልጅ ነው። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ዓይኑ እያየ በዘራፊ ጥይት ተገደሉ። ካደገ በኋላ የሌሊት ወፍ የሚመስል ጭምብልና ካባ አጥልቆ ጎታም በምትባል ከተማ ሌሊቱን ወንጀለኛ ሲያሳድድ ያድራል። ብሩስ ቲምና ኤሪክ ራዶምስኪ ይህን ታሪክ ወደ አኒሜሽን ሲያመጡት የከተማዋ ሥዕል በጥቁር ወረቀት ላይ እንዲሣል አደረጉ። ሌላው ካርቱን ነጭ ወረቀት ላይ ጥላ ሲጨምር እዚህ ጨለማው አስቀድሞ አለ፤ ሠዓሊው የሚጨምረው ብርሃኑን ነው፦ እዚህ መስኮት፣ እዚያ የመንገድ መብራት። ለእንዲህ ያለ ሥዕል ቱልቱላና ፉጨት የበዛበት የተለመደ የካርቱን ሙዚቃ እንደማይሆን ግልጽ ነበር። ስለዚህም ለእያንዳንዱ ክፍል አዲስ ሙዚቃ ተደርሶ፣ ሰዎች ስቱዲዮ ገብተው በመሣሪያ እንዲጫወቱት ተወሰነ።

ውሳኔው ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። የአሜሪካ ካርቱን ኦርኬስትራ ከጥንትም ነበረው። ካርል ስታሊንግ የሚባል ሰው ድምፅ አልባ ፊልሞች በሚታዩበት ዘመን በካንሳስ ሲቲ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ምስሉን እያየ ሙዚቃ ይጫወት ነበር። በ1936 ዋርነር ብራዘርስ ቀጠረው፤ እስከ 1958 ድረስም ባግስ በኒንና ባልደረቦቹን በሙዚቃ ሲያስሮጥ ኖረ። በእጁ የነበረው የዋርነር የትልቁ ፊልም ኦርኬስትራ ነው። በየሳምንቱ የአንድ አጭር ካርቱን ሙዚቃ ያወጣ ነበር ቢባል አልተጋነነም፤ በሃያ ሁለት ዓመት ከስድስት መቶ በላይ ሠርቷል። ድመቷ በጣቷ ቆማ ስትራመድ ቫዮሊኖቹ ክራቸው በጣት እየተመታ አብረዋት ይራመዳሉ፤ ዓለት ሲወድቅ ከበሮው አብሮ ይወድቃል። ከዚያ ዘመነ ቴሌቪዥን መጣና በጀቱ አነሰ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ አብዛኛው የቴሌቪዥን ካርቱን አንዴ የተቀዳ ሙዚቃ ከመደርደሪያ እያወረደ መጠቀም ጀመረ። ያው የሩጫ ሙዚቃ፣ ያው የድንጋጤ ሙዚቃ፣ በየሳምንቱ። ልጆች አላጉረመረሙም፤ ስለዚህ ማንም አልተጨነቀም። 

በ1990 ዋርነር ከስቲቨን ስፒልበርግ ጋር ሆኖ “ታይኒ ቱን አድቬንቸርስ” የተባለውን ካርቱን ሲሠራ ኦርኬስትራው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቲምና ራዶምስኪም እዚያው ይሠሩ ነበር። ባትማን ከዚያው ቤት ሲወጣ መንገዱ ተከፍቶ ጠበቀው ማለት ነው። የቀረው መንገዱን የሚሄድበት ሰው ነበር፤ እሷም ሸርሊ ዎከር ሆነች።

ዎከር በ1945 በካሊፎርኒያ ናፓ የተወለደች ፒያኒስት ናት። ስሟን የፊልም አፍቃሪ ብዙም አያውቀውም፤ እጇ ያረፈባቸውን ሥራዎች ግን ሁሉም ያውቃቸዋል። በ1979 በወጣው “አፖካሊፕስ ናው” ሲንተሳይዘር ከተጫወቱት አንዷ ነበረች። በሆሊዉድ ለብዙ ዓመታት የሌሎችን ሙዚቃ ለኦርኬስትራ ስታቀናብርና ስትመራ ቆይታለች። በ1989 ቲም በርተን የሠራው የባትማን ፊልም ሲወጣ ሙዚቃውን የደረሰው ዳኒ ኤልፍማን ነበር። ኤልፍማን የሮክ ባንድ ልጅ ነው፤ ኦይንጎ ቦይንጎ የተባለ ባንድ ነበረው። ያን ሙዚቃ ለንደን ውስጥ ኦርኬስትራው ፊት ቆማ የመራችው ግን ሸርሊ ዎከር ናት። የባትማን ዜማ ከወረቀት ወደ ድምፅ ሲለወጥ በእሷ እጅ አልፏል። ከሦስት ዓመት በኋላ የካርቱኑን ሥራ ስትረከብ ከባዶ አልተነሣችም። በዚያው በ1992 ጆን ካርፔንተር ለሠራው “ሜሞይርስ ኦፍ አን ኢንቪዝብል ማን” ፊልም ሙዚቃውን ለብቻዋ ደርሳ ስሟን አስፍራለች፤ በሆሊዉድ ታላላቅ ስቱዲዮዎች ይህን ካደረጉ የመጀመሪያ ሴቶች አንዷ ነበረች።

የካርቱኑን መግቢያ ዜማ የሰጠው ኤልፍማን ነው። አሁን እናስማው፤ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

(መግቢያው ይሰማል)

ይህን ሙዚቃ የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የማያስተውለውን ነገር ልንገራችሁ። በዚህ አንድ ደቂቃ ውስጥ የፊልሙ ስም በጽሑፍ አይወጣም። ባንክ ይፈነዳል፣ ሁለት ሌቦች ጣሪያ ላይ ይሸሻሉ፣ ጥቁር ጥላ ይወርድባቸዋል፣ መብረቅ ይበርቃል፣ አለቀ። “ባትማን” የሚል ፊደል የለም። ስሙን የሚጠራው ሙዚቃው ነው፤ ለመጥራትም አምስት ኖታ ይበቃዋል። ሦስቱ እንደ ደረጃ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ አራተኛው ድንገት ይዘላል፤ አምስተኛው ግማሽ ድምፅ ብቻ ወደ ታች ይንሸራተታል። ኤልፍማን እንዲያው እላይ ትቶት ቢሆን ኖሮ የድል ዜማ ይሆን ነበር። ያቺ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለት ናት ጀግናውን ሐዘንተኛ ያደረገችው። እስቲ አንድ ጊዜ በአፋችሁ አንጎራጉሩትና መጨረሻውን እላይ አቁሙት። ሌላ ሰው ይሆናል፤ ምናልባትም ፖሊስ።

ዎከር ግን በዚህ ዜማ ላይ ብቻ መኖር አልፈለገችም። በክፍሎቹ ውስጥ የምንሰማው የባትማን ዜማ የራሷ ነው። የኤልፍማን ዜማ አጭር ስለሆነ ሁሉም ቦታ ይገባል፤ የዎከር ረዘም ያለ ትንፋሽ አለው፣ ሰውየው ጭምብሉን ካወለቀ በኋላም አብሮት ይቆያል። የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ ሰዎች በመንገድ ላይ የሚያፏጩት የኤልፍማንን ነው፤ ባትማንን እንደ ሰው ያወቅኩት ግን በዎከር ነው። በዚህ የማይስማሙ ብዙ ናቸው፤ ከነሱ ጋር ስከራከር አምሽቼ አውቃለሁ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ የአልበሙን ጣዕም ግማሹን የሚሰጠው አሠራሩን ማወቅ ነውና። አንዱ ክፍል ሃያ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ሥዕሉ ተቆርጦ ተስተካክሎ ሲያልቅ የሙዚቃ ደራሲውና አዘጋጆቹ አብረው ያዩታል። “እዚህ ይግባ፣ እዚህ ዝም ይበል” ይባባላሉ። በሩ የሚከፈትበት፣ ቡጢው የሚያርፍበት፣ ፊቱ የሚለወጥበት ቅጽበት እስከ ሰከንድ ሽራፊ ድረስ ይጻፋል። ከዚያ ደራሲው በቀናት ውስጥ ሙዚቃውን ጽፎ ያቀርባል፤ ገልባጮች ለያንዳንዱ ተጫዋች የየድርሻውን ኖታ ያወጣሉ። ስቱዲዮ ውስጥ ተጫዋቾቹ በጆሯቸው ማዳመጫ ቲክ ቲክ የሚል ምት ይሰማሉ፤ ሙዚቃው ከሥዕሉ ጋር የሚገናኘው በዚያ ምት ነው። ልምምድ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ወረቀቱን ያዩት ዛሬ ነው፣ የሚቀዳውም ዛሬ ነው። የተጫዋቹም ቁጥር ከሲምፎኒ ኦርኬስትራ ግማሽ አይሞላም፤ ግን አልበሙን ስትሰሙ ብዙ ሕዝብ ያለ ይመስላችኋል። ይህ የአቀናባሪነት ጥበብ ነው። ዎከር ጥቂት ሆርኖችና ትሮምቦኖችን ወደ ታችኛው ድምፃቸው አውርዳ ከቼሎዎቹ ጋር ስታስማማቸው አዳራሹ የሞላ ያህል ይከብዳል።

ዓይን ቸኩሎ የሚያልፈው ለጆሮ ግን የሚጥም ሌላም ነገር አለ። እያንዳንዱ ክፍል ሲጀምር የክፍሉ ርእስ የተጻፈበት አንድ ሥዕል ይወጣል፤ ለጥቂት ሰከንዶች ቆሞ ይጠፋል። ደራሲው በነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የዛሬው ታሪክ ምን ዓይነት እንደሆነ መናገር አለበት። ቀልድ ነው? ሐዘን ነው? የሚያስፈራ ነው? ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ሰው ገና ወንበር ሲያመቻች ያልፋል። አልበሙ ላይ ስትሰሙት ግን ሙሉ ሐሳብ ነው፤ ተጀምሮ፣ አድጎ፣ ተደምድሟል። ረጅም መግቢያ የሚወዱ ደራስያን ሁሉ እነዚህን ቢሰሙ እላለሁ። ተናጋሪዎችም ጭምር።

አንድ ቦታ ላይ ቆም እንበል። መጀመሪያ የተሠራው ክፍል “ኦን ሌዘር ዊንግስ” ይባላል፤ በመስከረም 1992 ታየ፤ ሙዚቃው የዎከር ነው። አንድ ሳይንቲስት በራሱ ላይ መድኃኒት ሞክሮ ግማሽ ሰው ግማሽ የሌሊት ወፍ ይሆናል። ከተማው ግን ጥፋቱን ባትማን ላይ ይለጥፋል፤ ክንፍ ያለው ጥላ ያየ ሰው ሌላ ማንን ይጠረጥራል? መጨረሻ ላይ ፍጥረቱ መስኮት ሰብሮ ሲበር ባትማን እግሩ ላይ ገመድ ይጥልበታል፤ ፍጥረቱም ሰማይ ለሰማይ ይጎትተዋል። በሕንፃዎች መካከል፣ በፖሊስ የአየር መርከብ አጠገብ፣ ሌሊቱን ሁሉ። በዚህ ትዕይንት ውስጥ ቃል የሚናገር ሰው የለም ማለት ይቻላል። የሚናገረው ኦርኬስትራው ነው።

ስታሊንግ ቢሆን እያንዳንዱን ግጭት በአንድ ምት ያጅበው ነበር፤ ገመዱ ሲወጠር አንድ፣ ግድግዳ ሲነካ አንድ። ዎከር ይህን ትታዋለች። ሙዚቃዋ የሚከተለው የሰውየውን ሁኔታ እንጂ የአካሉን እንቅስቃሴ አይደለም። ሥዕሉ ላይ ክንፍ ሲመታና ገመድ ሲወዛወዝ እናያለን፤ የምንሰማው ግን አንድ ቀጥ ያለ፣ እያደገ የሚሄድ ግፊት ነው። ለዚህም ነው ሥዕሉን ብታነሡት የማይበተነው። በየእርምጃው የተቆራረጠ ሙዚቃ ሥዕሉ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ በስሜቱ ላይ የተሠራ ሙዚቃ ብቻውን ይቆማል። ስታሊንግን አላናንቅም፤ የሱ ሥራ ቀልድ ነበር፣ ቀልድ ደግሞ ምቱን ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር የስታሊንግን አልበም ከሃያ ደቂቃ በላይ ማዳመጥ ያደክመኛል፤ የዎከርን ግን እራት እስኪቀርብ ሳዳምጥ ጊዜውን እረሳዋለሁ።

(የበረራው ትዕይንት ሙዚቃ ይሰማል)

ባትማን ጠላቶቹ ብዙ ናቸው፤ ሙዚቃውም ለያንዳንዱ ፊት ሰጥቶታል። ጆከር ሲመጣ የሰርከስ ጠረን ይመጣል፤ ያዝናናል፣ ግን አንድ ቦታ ላይ አላግባብ ይስቃል። ፔንግዊን በራሱ ዓይን መኳንንት ስለሆነ ሙዚቃውም ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል። ዜማውን አንዴ ካወቃችሁት በኋላ ሰውየው ገና ሳይታይ እንደመጣ ትሰማላችሁ። ትልቁ ደስታ ያለው ግን ዜማው ሲለወጥ ነው፤ ያው ዜማ በትራምፔት ፈንታ በአንድ ክላሪኔት ቀስ ብሎ ሲመጣ ሰውየው እንደተሸነፈ ታውቃላችሁ፤ ማንም ምንም አልነገራችሁም።

በ1993 ገና ዕለት “ባትማን፦ ማስክ ኦፍ ዘ ፋንታዝም” የተባለው ረጅም ፊልም በሲኒማ ወጣ። እዚያ ለዎከር ትልቅ ኦርኬስትራና መዘምራን በእጇ ገቡላት። መክፈቻው ላይ መዘምራኑ የሚዘምሩት በጣም የሚያስፈራ፣ የጥንት ላቲን የሚመስል ቃል ነው። ትርጉሙን ብትፈልጉት አታገኙትም፤ አብረዋት የሠሩ ሰዎች ስሞች ናቸው፣ ከኋላ ወደ ፊት እየተነበቡ። ሰው በፍርሃት ሲንቀጠቀጥ እሷ ባልደረቦቿን እያመሰገነች ነበር። በዚያው ፊልም ሲንተሳይዘር ከተጫወቱት አንዱ የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ሃንስ ዚመር ነው፤ ዎከር እሱ ሙዚቃ ለጻፈላቸው ፊልሞች ኦርኬስትራ ትመራ ነበርና ውለታ እንደመመለስ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ትልቅ የባትማን ፊልም ሙዚቃ የጻፈው ያው ዚመር ከጄምስ ኒውተን ሃዋርድ ጋር ሆኖ ነው። ስለዚያኛው ሙዚቃ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ዎከር የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ረጅም ፊልም ሙዚቃ ወዲያው በአልበም ወጣ። የተከታታዩ ግን ዓመታት ሙሉ መጋዘን ተቀመጠ። ምክንያቱ የሙዚቃው ጥራት አልነበረም። በአሜሪካ የሙዚቀኞች ማኅበር ደንብ መሠረት ተጫዋቾች ለቴሌቪዥን የቀዱት ሙዚቃ በአልበም ሲወጣ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛሉ። ለተጫዋቾቹ ተገቢ ነገር ነው፤ ግን ለትንሽ አሳታሚ ከባድ ወጪ ነው፣ ገዢውም ጥቂት ሲሆን ሒሳቡ አይመጣም። በመጨረሻ ላ-ላ ላንድ ሬከርድስ በ2008 በሦስት ሺህ ቅጂ ሲያወጣው ከካርቱኑ ጅማሬ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። ሸርሊ ዎከር በኅዳር 2006 አርፋለች። የራሷን ሥራ በእጇ ይዛ አላየችውም።

እንዴት እናዳምጠው? የተከታታይ ፊልም ሙዚቃ አልበም አንድ የታወቀ ችግር አለበት፤ ብዙው ቁራጭ አጭር ነው። አንዱ አርባ ሰከንድ፣ አንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል። አሳታሚዎቹ የአንድን ክፍል ቁርጥራጭ አንድ ላይ ሰፍተው እንደ ረጅም ታሪክ ስላቀረቡት በቅደም ተከተል አድምጡት፤ አታደባልቁት። ደግሞ ሁሉም ወርቅ ነው አልልም። ሰው በጨለማ ኮሪደር ሲሄድ የሚሰማው የክሮች መንቀጥቀጥ ሥዕሉ ከሌለ ብዙም አይናገርም፤ እነዚያን ዝለሏቸው፤ እኔም እዘላቸዋለሁ።

ለእኛ ጆሮ አንድ ምቹ መግቢያ አለ። ከኦርኬስትራ መሣሪያዎች ሁሉ እኛ ረጅም ትውውቅ ያለን ከናስ ትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር ነው። በ1924 ሙዚቀኞቹ አርባ የአርመን ወጣቶች ከኢየሩሳሌም ከመጡ ወዲህ በክብር ዘበኛም፣ በፖሊስም፣ በማዘጋጃ ቤትም ባንድ ትራምፔትና ትሮምቦን ስንሰማ ኖረናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሆርንና ትሮምቦኑን ተከተሉ፤ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ዋናውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ጆሯችሁ ሲለምድ ወደ ክሮቹ ውረዱ። ብዙ ቫዮሊን እንደ አንድ ሰው ሲተነፍስ መስማት ልምድ ይፈልጋል፤ ማሲንቆ አንድ ክር፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ሰው ነውና።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ይህን ሁሉ ክፍል አንድ ሰው ብቻውን ሊጽፈው አይችልም ነበር። ዎከር ወጣቶችን ሰብስባ መጀመሪያ ማቀናበር፣ ቀጥሎ ጥቂት ደቂቃ መጻፍ፣ ከዚያ ሙሉ ክፍል ሰጠቻቸው፤ ስማቸውንም ከስሟ ጋር አጻፈች። ሎሊታ ሪትማኒስ፣ ማይክል መኩዊስቸንና ክሪስቶፈር ካርተር ከሷ ጋር ሠርተው ያደጉ ናቸው፤ በኋላ የሱፐርማንና የጀስቲስ ሊግ ካርቱኖችን ሙዚቃ ሠርተዋል። በ1996 ዎከር ለባትማን ዴይታይም ኤሚ ተሸለመች፤ በ2001 ደግሞ ለ“ባትማን ቢዮንድ” ስትሸለም ሽልማቱ የጋራቸው ነበር። አልበሙን ስትገዙ ከዎከር ጎን የተጻፉትን ስሞች አንብቡና የየትኛው እጅ የት እንዳለ በጆሯችሁ ለመለየት ሞክሩ። እኔ ሪትማኒስን ከክሮቹ አጻጻፍ የምለያት ይመስለኛል፤ ካልተስማማችሁ በጥያቄው ሰዓት እንነጋገርበታለን።

ከጥያቄው በፊት ግን የፋንታዝምን መክፈቻ ላሰማችሁ ነው። ስሞች እንደሆኑ ስለምታውቁ አሁን አትፈሩም ብዬ ነበር፤ ባለፈው ሳሰማው ፊተኛው ረድፍ ላይ የነበሩት ግን ፈርተዋል። ድምፁን ከፍ አድርጉልኝ።

(ሙዚቃው ይሰማል)